ሦስት ቀዳዳ በቂ ምስክር ነው? በእጅ የሚሞላ የአደን ጥይትና የልኬት ሳይንስ

በሰሜን አሜሪካ የአጋዘን አደን ወቅት ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት የተኩስ መለማመጃ ሜዳዎች በሰው ይሞላሉ። አዳኞች በ100 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የወረቀት ዒላማ ይሰቅላሉ፤ ሦስት ጥይት ተኩሰውም ቀዳዳዎቹ ምን ያህል እንደተቀራረቡ ይለካሉ። አብዛኞቹ ጥይታቸውን ከሱቅ ገዝተው የመጡ ናቸው። ባዶውን ቀለህ አጽድተው፣ ባሩዱን በሚዛን መዝነው፣ ጥይቱን በገዛ ቤታቸው የሞሉትም ግን ጥቂት አይደሉም።

ጥይትን በእጅ መሙላት በአሜሪካ፣ በካናዳና በበርካታ የአውሮፓ አገሮች ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ የትርፍ ጊዜ ሙያ ነው። ይበልጥ የተለመደውም በባለ መቀርቀሪያ የአደን ጠመንጃ፣ ማለትም ተኳሹ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ መቀርቀሪያውን በእጁ ስቦ ቀጣዩን ጥይት በሚያጎርስበት መሣሪያ ተጠቃሚዎች ዘንድ ነው። የሙያው ግብ ለአንድ የተወሰነ ጠመንጃ የሚስማማና እያንዳንዱ ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ጥይት መሥራት ነው።

ሥራው ከባሩድና ከናስ ባሻገር አንድ መሠረታዊ የሳይንስ ጥያቄ ያስነሣል፦ አንዱ ጥይት ከሌላው የተሻለ መሆኑ በምን ይረጋገጣል? ጥያቄው የወረቀት ላይ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የጠመንጃውንና የጥይቱን ትክክለኛ ልክ ሳያውቅ ከአቅሙ በላይ በሆነ ርቀት የሚተኩስ አዳኝ እንስሳውን አቁስሎ ሊያመልጠው ይችላል። የቆሰለው እንስሳ ደግሞ በጫካ ውስጥ ለሰዓታት ወይም ለቀናት ተሠቃይቶ ይሞታል።

አራቱ የጥይት ክፍሎች

ዘመናዊ ጥይት አራት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ቀለሁ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ከሆነ ናስ ይሠራል። ሁለተኛው በቀለሁ ቂጥ ላይ የሚቀመጠውና የጠመንጃው መርፌ ሲመታው እሳት የሚጭረው ካፕሱል ነው። ሦስተኛው ባሩዱ ሲሆን፣ አራተኛው ወደ ዒላማው የሚወነጨፈው አረር ነው። ከአራቱ ውስጥ ከተኩስ በኋላ እንደገና የሚያገለግለው ቀለሁ ብቻ ነው። በእጅ የመሙላት ሥራ የተመሠረተውም በዚሁ ላይ ነው።

ኢትዮጵያውያን ከእነዚህ ነገሮች ጋር የቆየ ትውውቅ አላቸው። በአማርኛ «ውጅግራ» የተባለው የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1874 የወጣ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ የሚጠቀመው ጭሱ ዓይን የሚጋርድ ጥቁር ባሩድ ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ጥይት ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን እንደ መገበያያ ያገለግል ነበር። «ምንሽር» የሚለው ስምም የመጣው ከኦስትሪያዊው የጠመንጃ መሐንዲስ ከማንሊኸር ነው።

በ1884 ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪየይ ከናይትሮሴሉሎስ የተሠራውን ጭስ አልባ ባሩድ አስተዋወቀ። አዲሱ ባሩድ በትንሽ መጠን ብዙ ኃይል የሚሰጥ ከመሆኑም በላይ የቃጠሎው ፍጥነት በሥሪቱ ሊመጠን ይችል ነበር። ከዚያ በኋላ የአረሮች ውፍረት ቀነሰ፤ ፍጥነታቸው ጨመረ። የጀርመኑ የ1898 ማውዘር ጠመንጃ መቀርቀሪያም እስከ ዛሬ ለሚሠሩት አብዛኞቹ የአደን ጠመንጃዎች አርአያ ሆነ። ዛሬም በአደን ላይ በስፋት የሚያገለግለው የአሜሪካው «.30-06» ጥይት የተሠራው በ1906 ነው።

ፋብሪካ እያለ በእጅ መሙላት ለምን አስፈለገ?

የፋብሪካ ጥይት በአንድ መጠን በተሠሩ ጠመንጃዎች ሁሉ ውስጥ ያለ ችግር መግባት አለበት። ጠመንጃዎች ግን አንድ ዓይነት ስም ቢኖራቸውም ጥይቱ የሚጎርስበት ክፍል ስፋት በጥቂቱ ይለያያል። ስለዚህ ፋብሪካው ጥይቱን በጠባቡ ክፍል ውስጥ እንኳ እንዲገባ አድርጎ ይሠራዋል። በሰፊው ክፍል ውስጥ ሲገባ ትንሽ ክፍተት ይተርፈዋል።

ጥይቱ ሲተኮስ ናሱ በግፊቱ ተለጥጦ የዚያን ጠመንጃ ክፍል ቅርጽ ይይዛል። በእጅ የሚሞላ ሰው ቀለሁን ዳይ በሚባለው የብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ሲያስገባው ወደ ፋብሪካው መጠን ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም። የቀለሁን ትከሻ ብዙውን ጊዜ 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ይህም የወረቀት ውፍረት ግማሽ ገደማ ነው። በዚህ መንገድ ቀለሁ ለዚያው ጠመንጃ የተሰፋ ልብስ ይሆናል። ናሱ በየተኩሱ ብዙ ስለማይለጠጥም ዕድሜው ይረዝማል።

ሁለተኛው ጥቅም የአረሩ አቀማመጥ ነው። አረሩ ከቀለሁ አንገት ወጥቶ በበርሜሉ ውስጥ ያለውን ጠመዝማዛ ቦይ እስኪይዝ ድረስ ጥቂት ርቀት ይዘላል። ይህ ዝላይ ምን ያህል ይሁን የሚለውን በእጅ የሚሞላው ሰው ራሱ ይወስናል። ሦስተኛው ምርጫ ነው፤ በአካባቢው ሱቅ የማይገኝ የአረር ዓይነትን ወይም ክብደትን መጠቀም ይቻላል። ቀለሁ ደጋግሞ ስለሚያገለግልም ብዙ ለሚተኩስ ሰው ወጪው ሊቀንስ ይችላል። በሌላ በኩል የፋብሪካ ጥይቶች ጥራት ባለፉት አሥርተ ዓመታት በጣም ስለተሻሻለ በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት ጠብቧል።

የሥራው ቅደም ተከተል ቀላል ቢሆንም ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀለሁ ይጸዳል፤ ስንጥቅ እንዳይኖረው ይመረመራል፤ በዳይ ቅርጹ ይስተካከላል። ተለጥጦ የረዘመው አንገት ይከረከማል፤ አዲስ ካፕሱል ይገጠምለታል። ባሩዱ ይመዘናል፤ በመጨረሻም አረሩ በተወሰነለት ጥልቀት ይገባል። በአሜሪካ ባሩድ የሚመዘነው በ«ግሬን» ነው። ስሙ በጥንት ዘመን የእህል ፍሬ ለክብደት መለኪያነት ያገለግል ከነበረበት ጊዜ የመጣ ሲሆን፣ አንድ ግሬን 64.8 ሚሊ ግራም ይመዝናል።

ቀልድ የማያውቀው ግፊት

ስለ ትክክለኛነት ከመነጋገር በፊት ስለ ደህንነት መነጋገር ግድ ነው። የአሜሪካ የጥይትና የጦር መሣሪያ አምራቾች የደረጃ ተቋም በ1926 የተቋቋመ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ የጥይት ዓይነት የግፊት ጣሪያ ያወጣል። በአውሮፓ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው በ1914 የተመሠረተው ቋሚ ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ነው። ለ«.30-06» የተቀመጠው የአሜሪካ ጣሪያ በአንድ ስኩዌር ኢንች 60,000 ፓውንድ ነው። የመኪና ጎማ ብዙውን ጊዜ 32 ፓውንድ ያህል ግፊት ስለሚይዝ፣ የጥይቱ ግፊት ከጎማው ወደ 1,900 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከተኳሹ ፊት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ርቆ ነው።

የባሩዱ መጠን ሲጨምር ግፊቱ በዚያው ልክ ብቻ አይጨምርም፤ ወደ ጣሪያው ሲቃረብ ይበልጥ በፍጥነት ይወጣል። አረሩ ጠልቆ ከገባ ለባሩዱ የሚቀረው ቦታ ስለሚጠብ ግፊቱ ሊጨምር ይችላል። ካፕሱሉ ወይም የቀለሁ ሥሪት ሲቀየርም ውጤቱ ይለወጣል። ከሁሉ በላይ አደገኛው ባሩዶችን ማምታታት ነው። በዓይን የሚመሳሰሉ ሁለት ባሩዶች የቃጠሎ ፍጥነታቸው እጅግ ሊራራቅ ይችላል። ለሽጉጥ የተሠራ ፈጣን ባሩድ በጠመንጃ ቀለህ ውስጥ ቢሞላ ጠመንጃውን ሊያፈነዳው ይችላል።

ስለዚህ ሙያው የማይጣሱ ደንቦች አሉት። መጠኑ የሚወሰደው ከባሩድ ወይም ከአረር አምራቾች ወቅታዊ የመሙያ መመሪያ ብቻ ነው እንጂ ከወዳጅ ወሬ አይደለም። ሥራው የሚጀመረው መመሪያው ካስቀመጠው ዝቅተኛ መነሻ ሲሆን ወደ ላይ የሚወጣው በትንሽ በትንሹ ነው። በጠረጴዛው ላይ በአንድ ጊዜ ከአንድ ዓይነት በላይ ባሩድ አይቀመጥም፤ ባሩድ ከፋብሪካ መያዣው ውጪ አይከማችም። የብዙ ካፕሱሎች ኬሚካል የእርሳስ ውሁድ ስላለበት ከሥራ በኋላ እጅ መታጠብና ቦታውን ከሕፃናት መጠበቅ ያስፈልጋል።

ሦስቱ ቀዳዳዎች የሚሉትና የማይሉት

አዳኙ ጥይቱን በጥንቃቄ ሞልቶ ወደ መለማመጃው ሜዳ ሄደ እንበል። በባሩድ መጠን ብቻ የሚለያዩ አሥር ዓይነት ጥይቶች አሉት፤ ከእያንዳንዱም ሦስት ሦስት ይተኩሳል። አንዱ ስብስብ 12 ሚሊ ሜትር ብቻ ስፋት ይኖረዋል። ሌላው ወደ 40 ይደርሳል። አዳኙ የመጀመሪያውን «ጠመንጃዬ የወደደው ጥይት» ብሎ ይመርጣል፤ ሁለተኛውን ይጥላል። ድምዳሜው አሳማኝ ይመስላል። ሆኖም አሥሩ ጥይቶች ሙሉ በሙሉ እኩል ቢሆኑ እንኳ ይህን የመሰለ ውጤት መምጣቱ የሚጠበቅ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት አረሮች በዒላማው ማዕከል ዙሪያ እንዴት እንደሚበተኑ ማየት ያስፈልጋል። አንድ ጠመንጃ በ100 ሜትር ላይ በአግድምም በቁመትም 10 ሚሊ ሜትር መደበኛ ልይይት አለው እንበል። መደበኛ ልይይት ምቶች ከማዕከላቸው በተለምዶ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚያሳይ የስታቲስቲክስ መለኪያ ነው። በዚህ ጠመንጃ የሚተኮሱ ባለ ሦስት ጥይት ስብስቦች ከጫፍ እስከ ጫፍ በአማካይ 24 ሚሊ ሜትር ይሰፋሉ። አምስት ጥይት ሲተኮስ አማካዩ 31፣ አሥር ሲተኮስ 38፣ ሃያ ሲተኮስ 45 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጠመንጃውም ጥይቱም አልተለወጡም፤ የተለወጠው የተኩሱ ብዛት ብቻ ነው።

24 ሚሊ ሜትር ግን አማካይ ነው። አንድ ባለ ሦስት ጥይት ስብስብ በአጋጣሚ 13 ሚሊ ሜትር፣ ቀጣዩ 36 ሚሊ ሜትር ቢሆን ያልተለመደ አይደለም። አሥር ጊዜ ተተኩሶ ምርጡ ብቻ ሲመረጥ፣ የተመረጠው የተሻለው ጥይት ሳይሆን ዕድል የቀናው ስብስብ ሊሆን ይችላል። አሥር ሰዎች ሳንቲም ሦስት ሦስት ጊዜ ቢወረውሩ፣ ቢያንስ አንዱ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ዘውድ የማግኘት ዕድሉ ከ70 በመቶ በላይ ነው። ያን ሰው «የሳንቲም ባለሙያ» ብሎ የሚሾመው ግን የለም።

ይህ ማለት ሦስት ጥይት ምንም አይናገርም ማለት አይደለም። ሦስት ጥይቶች 100 ሚሊ ሜትር ከተራራቁ፣ በጥይቱ ወይም በጠመንጃው ላይ ችግር መኖሩን በአስተማማኝ ሁኔታ ያሳያሉ። መጥፎን ጥይት ለመጣል ጥቂት ተኩስ ይበቃል፤ ጥሩውን ከጥሩ ለመለየት ግን ብዙ ያስፈልጋል። የአሜሪካው ጥይት አምራች የሆርናዲ መሐንዲሶች በቅርብ ዓመታት በይፋ ሲያስረዱት የቆዩትም ይህንኑ ነው፤ አዳኞችና ተኳሾች የሚተማመኑባቸው ስብስቦች ለድምዳሜ እጅግ ያንሳሉ።

መፍትሔው ሁልጊዜ ብዙ ባሩድ ማቃጠል አይደለም። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚለካው ስፋት የሚያየው ሁለቱን የተራራቁ ቀዳዳዎች ብቻ ሲሆን የቀሩትን መረጃ ይጥላል። ከዚህ ይልቅ የእያንዳንዱን ቀዳዳ ከስብስቡ ማዕከል ያለውን ርቀት ለክቶ አማካዩን መውሰድ ይቻላል። ይህ «አማካይ ራዲየስ» ሁሉንም ተኩስ ስለሚጠቀም ከተመሳሳይ የጥይት ብዛት የበለጠ ዕውቀት ይሰጣል። በተለያዩ ቀናት የተተኮሱ ስብስቦችን አንድ ማነጣጠሪያ ነጥብ ይዞ በአንድ ላይ መደረብም ይቻላል። አራት ቀን አምስት አምስት ጥይት የተኮሰ አዳኝ፣ በመጨረሻ የሃያ ጥይት መረጃ በእጁ ይኖረዋል።

የፍጥነት መለኪያውም ያታልላል

የአረርን ፍጥነት በሳይንሳዊ መንገድ መለካት የተጀመረው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ቤንጃሚን ሮቢንስ በ1742 ባሳተመው ሥራው አረርን ወደ ተንጠለጠለ ከባድ ፔንዱለም በመተኮስ፣ ፔንዱለሙ ምን ያህል እንደተወዛወዘ አይቶ ፍጥነቱን አሰላ። ዛሬ አንድ አዳኝ በኪስ የሚያዝ ዶፕለር ራዳር ጠመንጃው አጠገብ አስቀምጦ የእያንዳንዱን አረር ፍጥነት ወዲያው ማንበብ ይችላል።

መሣሪያው ትክክለኛ ቢሆንም የናሙናው ማነስ ችግር ግን እዚህም አለ። አምስት ጥይት ተተኩሶ የፍጥነቱ መደበኛ ልይይት በሴኮንድ 4 ሜትር ሆኖ ቢገኝ፣ የጥይቱ እውነተኛ ልይይት በ95 በመቶ የመተማመኛ ወሰን ከ2.4 እስከ 11.5 ሜትር ድረስ ሊሆን ይችላል። ይኸው 4 ሜትር በሠላሳ ጥይት የተገኘ ቢሆን ኖሮ ወሰኑ ከ3.2 እስከ 5.4 ይጠብ ነበር። በአምስት ጥይት ብቻ «ይህ ባሩድ 4፣ ያኛው 7፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ይሻላል» ብሎ መፍረድ፣ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንደሚባለው ነው።

የፍጥነት ልዩነት ምን ያህል እንደሚጎዳም ርቀቱ ይወስናል። በሴኮንድ 820 ሜትር የሚጓዝ አረር በ100 ሜትር ርቀት ላይ በስበት ምክንያት 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። ፍጥነቱ በአንድ በመቶ ቢለወጥ የምቱ ቦታ የሚለወጠው ከ2 ሚሊ ሜትር ባነሰ ነው። በ300 ሜትር ላይ ይኸው ለውጥ 1.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ በ500 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ያልፋል። በቅርብ ርቀት ለሚያድን ሰው የመጨረሻዋን የባሩድ ቅንጣት እያሳደዱ መመዘን ትርፉ ትንሽ ነው።

ለውጥ የሚያመጣው የትኛው ነው?

አሜሪካዊው ሐኪም ፍራንክሊን ማን አረር ለምን ከመንገዱ እንደሚወጣ ለማወቅ ለአሥርተ ዓመታት ሙከራ ሲያደርግ ኖሮ ውጤቱን በ1909 በመጽሐፍ አሳተመ። የሰውን እጅ ከሙከራው ለማስወጣት በርሜሉን በከባድ ማስቀመጫ ላይ ያሳርፈው ነበር። ከግኝቶቹ አንዱ የአረሩ ሚዛን ያለው ከፍተኛ ድርሻ ነው። የክብደት ማዕከሉ ከመሐል ትንሽ የወጣ፣ ወይም ቂጡ የተበላሸ አረር በርሜሉን ሲለቅ ከመስመር ይወጣል። ሽክርክሪቱ ይህን ጉድለት ሊሰውረው አይችልም።

ዛሬም ቅደም ተከተሉ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከሁሉ የሚበልጠው የበርሜሉና የአረሩ ጥራት፣ እንዲሁም የሁለቱ መስማማት ነው። ቀጥሎ የባሩዱ ዓይነት፣ የቀለሁ ወጥነትና የአረሩ ጥልቀት ይመጣሉ። የባሩዱን መጠን በጥቂት ሚሊ ግራም መቀያየር ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ያነሰ ለውጥ ያመጣል። ስለዚህ አንድ ጥይት በሃያ ተኩስ ካልረካ፣ አስተዋዩ መንገድ አረሩን ወይም ባሩዱን መለወጥ ነው። በየሙከራውም አንድ ነገር ብቻ መለወጥ አለበት፤ ሁለት ነገር ከተለወጠ ለውጤቱ ተጠያቂው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

የአረርና የበርሜል መስማማት በአሁኑ ጊዜ አዲስ ክብደት አግኝቷል። የካሊፎርኒያ ግዛት ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በጦር መሣሪያ ለሚደረግ ማንኛውም አደን እርሳስ ያለበትን ጥይት ከልክሏል። ለዚህ ያደረሰው አንዱ ዋና ምክንያት በአዳኞች የተተወ ሬሳና ቅሪት የሚመገበው ብርቅዬው የካሊፎርኒያ ኮንዶር አሞራ በእርሳስ መመረዙ ነው። ብዙዎች ወደ መዳብ አረር ተሻግረዋል። መዳብ በአንድ ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር 8.96 ግራም ሲመዝን እርሳስ 11.34 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ ክብደቱ እኩል የሆነ የመዳብ አረር ይረዝማል።

ረጅም አረር በበረራ ላይ ጸንቶ እንዲቆይ ይበልጥ መሽከርከር አለበት። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ግሪንሂል በ1879 ለዚህ ቀላል ቀመር አዘጋጅቶ ነበር። ትርጉሙ ለአዳኙ ግልጽ ነው፤ የቆየ ጠመንጃው የበርሜል ቦይ በዝግታ የሚጠመዘዝ ከሆነ ረጅሙን የመዳብ አረር በሚገባ ላያሽከረክረው ይችላል። መፍትሔው ቀለል ያለና አጠር ያለ የመዳብ አረር መምረጥ ነው። በዚህ ጊዜ ባሩድን መነካካት ችግሩን አይፈታውም።

ከወረቀቱ ወደ ጫካው

በመለማመጃው ሜዳ አዳኙ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ ያሳርፋል። በጫካ ውስጥ ግን ተንበርክኮ፣ እያለከለከ፣ አንዳንዴም በጣቶቹ ላይ ቅዝቃዜ እየተሰማው ይተኩሳል። በዚህ ሁኔታ የተኳሹ የራሱ መደበኛ ልይይት በ100 ሜትር ላይ 40 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። የጠመንጃውና የጥይቱ ልይይት ቀደም ሲል እንደታየው 10 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱ የሚደመሩት እንዲሁ በቀጥታ አይደለም፤ እያንዳንዱ በራሱ ተባዝቶ ይደመርና የድምሩ ስኩዌር ሩት ይወሰዳል። ውጤቱ 41.2 ሚሊ ሜትር ነው።

አዳኙ ክረምቱን ሙሉ ደክሞ የጥይቱን ልይይት ከ10 ወደ 7 ሚሊ ሜትር ቢያወርደው፣ አጠቃላዩ ከ41.2 ወደ 40.6 ብቻ ይወርዳል። በወረቀት ላይ የ30 በመቶ መሻሻል የነበረው በጫካ ውስጥ ወደ አንድ ተኩል በመቶ ያንሳል። የተኳሹን ልይይት ከ40 ወደ 30 የሚያወርድ ልምምድ ግን አጠቃላዩን ወደ 31.6 ያደርሰዋል።

የአጋዘን ልብና ሳንባ የሚገኙበት ቦታ ብዙውን ጊዜ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ይመሰላል። ከላይ የተጠቀሰው ተንበርካኪ ተኳሽ በ100 ሜትር ከሚተኩሳቸው መቶ ጥይቶች 5 ያህሉ ከዚህ ክብ ውጪ ያርፋሉ። ርቀቱ ወደ 200 ሜትር ሲያድግ ግን ከመቶው 48ቱ ውጪ ይሆናሉ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ስህተቱ ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። ከአሸዋ ከረጢት ላይ የተተኮሱ ሦስት የተቀራረቡ ቀዳዳዎች ይህን አይናገሩም።

ነፋስም አለ። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ የተለመደ የአደን አረርን በ300 ሜትር ላይ ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ ሊያሸሸው ይችላል። ይህ ከክቡ ግማሽ ስፋት ይበልጣል። በጥይቱ ምርጫ የተገኘችውን ጥቂት ሚሊ ሜትር አንድ የነፋስ ሽውታ ብዙ ጊዜ አባዝቶ ይወስዳታል።

ስለዚህ በእጅ የተሞላ ጥይት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ለረጅም ርቀት የዒላማ ተኩስ ውድድር ልዩነቱ ወሳኝ ሊሆን ይችላል። ለአዳኙም ወጥና የሚያምነው ጥይት ማግኘት፣ ቀለሁን ደጋግሞ መጠቀምና ጠመንጃውን በሚገባ ማወቅ ትልቅ ትርፍ ነው። ብዙ ጥይት የሚሞላ ሰው ብዙ የመለማመድ ዕድል ያገኛል፤ ልምምዱ ደግሞ ከጥይቱ ይልቅ እንስሳውን ከሥቃይ ያድናል።

ሕጉ በየአገሩ ይለያያል

በውጭ አገር የሚኖሩ አንባቢያን አንድ ነገር ልብ ሊሉ ይገባል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ለግል መጠቀሚያ ጥይት ለመሙላት ልዩ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ለመሸጥ የሚሞላ ሰው ግን የአምራችነት ፈቃድ ማውጣት አለበት። ግዛቶችም የየራሳቸው ተጨማሪ ደንብ ሊኖራቸው ይችላል። በጀርመን በእጅ ለመሙላት ሥልጠና ወስዶ በፈንጂዎች ሕግ መሠረት የተለየ ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ነው። በአንዱ አገር ሕጋዊ የሆነ የትርፍ ጊዜ ሙያ በሌላው ከባድ ወንጀል ሊሆን ስለሚችል፣ ባዶ ቀለህም ሆነ አረር በሻንጣ ይዞ ድንበር ከመሻገር በፊት የሁለቱን አገሮች ደንብ ማጣራት ይገባል።

ልምድ ያላቸው ሞይዎች ከሚዛኑ አጠገብ የማይጠፋ ማስታወሻ ደብተር አላቸው። በደብተሩ ውስጥ የባሩዱና የአረሩ ዓይነት፣ ቀለሁ ስንት ጊዜ እንደተሞላ፣ በተኩሱ ቀን የነበረው ሙቀት፣ የተተኮሰው ጥይት ብዛትና አማካይ ራዲየሱ ይሰፍራል። ከእነዚህ ሁሉ ቁጥሮች ግርጌ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ቁጥር መኖር አለበት፤ አዳኙ ተንበርክኮ ወይም ቆሞ ተኩሶ ባረጋገጠው ልክ፣ ከዚያ በላይ ቃታ የማይስብበት ርቀት።